ወንዙ ሲሳሳ

ትራውት ማጥመድን በሞላ ወንዝ የጀመረ ሰው ብዙ ነገር ይታለፍለታል። ውሃው ደፍርሶና በርትቶ ሲወርድ ኮቴውን ይውጥለታል። ክሩ ቢወፍር አይነቃበትም። መንጠቆው ተንቦራጭቆ ቢያርፍ እንኳ ዓሣው ቆሞ ለማጣራት ጊዜ ስለሌለው አንዳንዴ ይነክስለታል። ኅዳር ገብቶ ዝናቡ ሲያቆም፣ ወንዙ ከዳርቻው እየሸሸ ሲሳሳና ሲጠራ ግን ይህ ሁሉ ምሕረት ያበቃል። የወንዙ ወለል ጠጠር በጠጠር ይታያል፤ እኛ ዓሣውን የምናየውን ያህል ዓሣውም እኛን ያያል። በባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ አካባቢ በሚወርዱት በወይብና በዳንካ ወንዞች ዳር ብዙ በጋ አሳልፌያለሁና አንድ ነገር በልበ ሙሉነት እናገራለሁ፦ የአጥማጅ ሙያ የሚለየው ውሃ ሲጎድል ነው። ያኔ ሥራው ከክንድ ላይ ወርዶ በእግርና በዓይን ላይ ይወድቃል።

የማጠምደው ፍላይ ፊሺንግ በሚባለው ዘዴ ነው፤ ይህን አጠማመድ ላላየ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ፍላይ ፊሺንግ ዓሣውን በትል ወይም በሊጥ አይጠራም። ከላባ፣ ከፀጉርና ከክር በትንሽ መንጠቆ ላይ እየተጠቀለለ የሚሠራ ነፍሳት መሰል ነገር አለ፤ ፍላይ የምንለው እሱን ነው። ፍላይ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር እንደሚደረገው እርሳስ አስሮ መወርወር አይሆንም። የሚወረወረው ወፍራሙ መስመር ራሱ ነው፤ ፍላዩ የመስመሩን ጉልበት ተከትሎ ይሄዳል። በመስመሩና በፍላዩ መካከል ሊደር የሚባል፣ ቀለም የሌለው፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ክር ይታሰራል። የሊደሩ መጨረሻና ቀጭኑ ክፍል ቲፔት ነው። በሞላ ወንዝ ስለ ሊደርና ስለ ቲፔት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ውሃ ሲጎድል ግን ግማሹ ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ትራውት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። ለኬንያም ቢሆን እንግዳ ነበር፤ ቡናማው ትራውት ወደዚያ የደረሰው በ1905 ከስኮትላንድ ነው። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው ሌላው ዝርያ ደግሞ የዘር አገሩ የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። ሁለቱም ባሌ ላይ የተስማማቸው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ በሆነ ከፍታ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ሰው ያመጣው እንግዳ በመሆኑም እኛ አጥማጆች ኃላፊነት አለብን። ትራውት ሥጋ በል ነው፤ ከነበረበት ወንዝ ወደሌለበት ምንጭ ማሻገር ፈጽሞ አይገባም።

ስለ ጎደለ ውሃ የተጻፈው አብዛኛው ምክር የመጣው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ነው። እዚያ ወንዝ የሚጎድለው በሙቀት ወራት ስለሆነ መጻሕፍቱ ጎሕ ሲቀድ ውጣ፣ ቀትር ሳይደርስ ተመለስ ይላሉ። ባሌ ላይ ይህ ምክር ይገለበጣል። የባሌ ዝናብ ከመጋቢት ገደማ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በእነዚያው ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ምድሩ የቀኑን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይለቃል። ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ይሆናል፤ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ወንዛችን የሚጎድለው ሌሊቱ በሚከፋበት ወቅት ነው ማለት ነው።

ይህ ለዓሣው ትልቅ ጉዳይ ነው። ትራውት የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከውሃው ነው። ቡናማ ትራውት ውሃው ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ማደጉን ያቆማል፤ ከ19 ዲግሪ በላይ ሲወጣም እንዲሁ። የሚደላው በመካከሉ፣ በ13 ዲግሪ ዙሪያ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወንዝ ዳር መገኘት ብርድ ከመጠጣት ያለፈ ብዙ ትርፍ የለውም። ዓሣው ከወለሉ ተጠግቶ ቆሟል፤ ምግብ ባፍንጫው ሥር ቢያልፍም እምብዛም አይንቀሳቀስም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ትገባለች። እዚህ ላይ የወንዙ መጉደል ይጠቅመናል፤ ስስ ውሃ ቶሎ ይሞቃል። ነፍሳቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ዓሣውም ከወለሉ ይነሳል። ከ4 ተኩል እስከ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ የባሌ በጋ እውነተኛው የማጥመጃ ሰዓት ነው።

ያው ስስ ውሃ ከቀትር በኋላ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከፍታም ይቀንሰዋል። በባሕር ወለል ላይ 10 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 11.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በዚያው ሙቀት የሚይዘው ወደ 7.8 ይወርዳል፤ 20 ዲግሪ ቢደርስ ደግሞ ወደ 6.3። በዝቅተኛ አገር ብዙ አጥማጆች ውሃው 20 ዲግሪ ሲደርስ ያቆማሉ። በኛ ከፍታ ከዚያ ቀደም ብሎ ማቆም ይገባል ብዬ አምናለሁ። እኔ ቴርሞሜትሩ 18 ሲል የማጥመጃ ዘንጌን እፈታለሁ። በመንጠቆ ተይዞ የታገለ ዓሣ ትንፋሹን የሚመልሰው ከዚያው ውሃ ነውና።

አሁን ወደ ንባቡ ልግባ፤ ወንዝ ይነበባል። ወንዙ ሲሞላ ትራውት የትም ሊገኝ ይችላል። ሲጎድል ግን ኦክስጅን፣ ምግብና መሸሸጊያ ወደሚያገኝበት ይሰበሰባል። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ጥልቁን ኩሬ ሲያይ ቀጥታ ወደ መሐሉ ይወረውራል። መሐሉ ግን ብዙ ጊዜ የመሸሸጊያ ቦታ ነው። የሚበላ ዓሣ የሚቆመው በኩሬው መግቢያ፣ ውሃው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ አረፋ ይዞ በሚገባበት ነው። እዚያ ውሃው ከአየር ጋር ይደባለቃል፤ ከላይ ከጠጠሩ የተላቀቁ የነፍሳት እጮችም በዚያ በኩል ያልፋሉ። ሁለተኛው ቦታ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ ጎን ለጎን የሚሄዱበት መስመር ነው፤ ዓሣው ዝግ ባለው ውስጥ ጉልበቱን ቆጥቦ ይቆምና ከፈጣኑ ይለቅማል። ሦስተኛው ከሥሩ የተቦረቦረ ዳር ነው። የክረምቱ ሙላት የዳርቻውን አፈር ከሥር ይበላዋል፤ በጋ ላይ ከላይ ሣር ተንጠልጥሎ ከታች ጨለማ ዋሻ ይቀራል። ትልልቆቹ ቡናማ ትራውቶች ቀኑን እዚያ ይውላሉ፤ ከሣሩ ላይ ፌንጣ ወይም ጥንዚዛ ሲወድቅ ብቅ ይላሉ።

ቦታውን ካወቁ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ዓሣው እኛን እንዴት እንደሚያየን ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ዓሣው የላዩን ዓለም የሚያየው ከአናቱ በላይ ባለ ክብ መስኮት በኩል ብቻ ነው። የመስኮቱ ስፋት ዓሣው የቆመበት ጥልቀት 2.26 እጥፍ ገደማ ነው። ግማሽ ሜትር ጠልቆ የቆመ ትራውት 1.13 ሜትር ስፋት ያለው መስኮት አለው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ የቆመ ግን 45 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው የውሃ ገጽ የወንዙን ወለል ምስል መልሶ ያሳየዋል። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወጣል። አንደኛ፣ ስስ ውሃ ላይ ያለ ዓሣ ተንሳፋፊውን ፍላይ በግልጽ የሚያየው በዚያች ጠባብ ክብ ውስጥ ስለሆነ ውርወራው በክንድ ልክ ቢስት ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ከአድማስ እስከ አናት ያለው ዓለም በሙሉ በዚያች ክብ ውስጥ ተጨምቆ ስለሚገባ ለመሬት የቀረበ ነገር ሁሉ ጠርዙ ላይ ተጣብቦ ይቀራል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ጠርዙን አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ የተንበረከከ ሰው ጠርዙ ላይ ይቀራል። በጋ ላይ በጉልበታችን የምንሄደው ለዚህ ነው። ጠዋት ለብርዱ የደረብኩትን ነጭ ጋቢም ወንዙ ከመታየቱ በፊት አወልቃለሁ። ከደረቀ ሣር ጋር የሚመሳሰል ልብስ ይበቃል።

ትራውት ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ስለሚቆም ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላው መጠጋት ነው። ዓይኑን ያለፈ ሰው ግን ገና ጎኑን አላለፈም። ዓሣው በሁለቱ ጎኖቹ ላይ የውሃን ንቅናቄ የሚሰማበት መስመር አለው፤ ድምፅም በውሃ ውስጥ በአየር ከሚሄደው ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ዳር ላይ ሆኖ ማውራት ብዙም አይጎዳም፤ የሰው ድምፅ ከአየር ወደ ውሃ ሲሻገር አብዛኛው ወደ ላይ ይመለሳል። ጠጠር የሚፈጭ ጫማ ግን በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይሰማል። ስለዚህ ካልተገደድኩ በስተቀር ውሃ ውስጥ አልገባም። ከገባሁም አንዱን እግሬን በዝግታ አሳልፌ፣ ድንጋዩን በጫማዬ ዳስሼ፣ ክብደቴን ቀስ ብዬ እጥላለሁ። ከጉልበቴ የተነሳው ሞገድ ሞቶ ገጹ እስኪለሰልስ ሁለተኛውን አላነሳም። አሥር ሜትር ለመጠጋት ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ጊዜው አልባከነም። ያን ጊዜ ዓይን እየሠራ ነው።

መሣሪያውም ከወንዙ ጋር ይቀጥናል። ክረምቱ እንደወጣ 2.7 ሜትር የነበረው ሊደሬ ታኅሣሥ ላይ ከ3.6 እስከ 4.5 ሜትር ይደርሳል፤ ወፍራሙ መስመር ከዓሣው አናት ርቆ እንዲያርፍ ነው። ቲፔቱ ከ4ኤክስ ወደ 6ኤክስ ይለወጣል። በዚህ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፤ 4ኤክስ 0.178 ሚሊ ሜትር፣ 6ኤክስ 0.127 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ሰው ክር የሚያቀጥነው ዓሣው እንዳያየው ይመስለዋል። እኔ እንዳየሁት የበለጠው ጥቅም ልስላሴው ነው። ዝግ ባለ ውሃ ላይ ወፍራም ክር ፍላዩን ይጎትተዋል፤ ቀጭኑ ግን ከጅረቱ ጋር ይታጠፋል። ትራውት ክር አይቶ ከሚሸሸው ይልቅ ፍላዩ ከውሃው ፍጥነት ወጣ ብሎ ሲሄድ አይቶ የሚሸሸው ይበዛል። ዝግተኛ ውሃ ለማጣራት ጊዜ ይሰጠዋልና።

የፍላዩን መጠን ለመወሰን ከስሱ ውሃ አንድ ድንጋይ አንስቶ መገልበጥ በቂ ነው። ከድንጋዩ ሥር በጠፍጣፋ ሆዳቸው የተለጠፉ፣ ጅራታቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ቡናማ እጮች ይታያሉ። አድገው ክንፍ ሲያወጡ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚበርሩት የሜይፍላይ ልጆች ናቸው። በዚህ ልክ የሚሠራ ፍላይ 18 ወይም 20 ቁጥር መንጠቆ ይፈልጋል፤ እዚህም ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ድንጋዩን መልሶ እንደነበረ ማስቀመጥ ደንብ ነው፤ የእጮቹ ቤት ነውና። ብዙ ጊዜ ከላይ ፌንጣ መሰል ተንሳፋፊ ፍላይ አስራለሁ፤ ከሱ ሥር በ40 ሳንቲ ሜትር ክር ትንሿን እጭ መሰል ፍላይ አንጠለጥላለሁ። ፌንጣዋ ምግብም ምልክትም ትሆናለች። በሞላ ውሃ የሚያገለግሉት የእርሳስ ክብደትና ባለ ቀለም ተንሳፋፊ ኳስ ግን ስስ ውሃ ላይ ሲወድቁ ኩሬውን በሙሉ ያስበረግጋሉ።

ይህ ሁሉ ባንድ ላይ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ኩሬ ላሳይ። ወንዝ ስወርድ የዲንሾ ልጅ የሆነ አንድ ወጣት አብሮኝ ይሄዳል። ዘንግ አይዝም፤ ዓይኑ ግን ከኔ ይሻላል። አንድ የጥር ረፋድ ዳንካ ላይ፣ ጠባብ ኩሬ ካለበት መታጠፊያ ደረስን። እሱ ከፍ ካለው ዳር በሣሩ ውስጥ በሆዱ ተኛ፤ እኔ ከታች፣ ውሃው ከኩሬው በሚወጣበት በኩል ተንበረከክሁ። ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች። ወደ ፊት ልጠጋ ስል በሹክሹክታ “ጋሼ፣ አይነሱ፤ ጥላዎ ሊገባ ነው” አለኝ። ጥላዬ ከውሃው አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር። ወደ ኋላ ተመልሼ፣ ታች በስሱ በኩል ተሻግሬ፣ ከማዶ ዳር መጣሁ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልወረወርንም፤ አየን። መጀመሪያ የሚታየው የዓሣው ጥላ ነው፤ ወለሉ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይወዛወዛል። ከጥላው በላይ ዓይን ሲለማመድ ዓሣው ራሱ ይገለጣል። ቡናማ ትራውት ነበር፤ በሁለት ድንጋዮች መካከል ፈጣኑ ውሃ ዳር ቆሟል። አንዴ ወደ ግራ አንድ ስንዝር ሄዶ ይመለሳል፤ አንዴ ከፍ ይልና አፉ ሲከፈት ውስጡ ነጭ ሆኖ ብልጭ ይላል። የሚለቅመው ከገጹ በታች የሚመጣውን ነበር። ስለዚህ ፌንጣዋን ፈትቼ ትንሿን ፍላይ ብቻዋን አስቀረሁ። ወፍራሙን መስመር ዳር ካለው ሣር ላይ አሳርፌ ሊደሩ ብቻ ውሃ እንዲነካ አድርጌ ወረወርኩ። ፍላይዋ ከዓሣው አንድ ሜትር ተኩል ያህል በላይ ገብታ ሰመጠች፤ ከዚያ በኋላ ልትታይ አትችልም። የሚታየው ዓሣው ነው። ወደ ግራ ዘንበል አለ፤ አፉ ነጭ ብሎ ተከፈተ፤ ዘንጌን ቀስ ብዬ አነሳሁ። ለመያዝ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነበር፤ የቀረው ሥራ ሁሉ ከዚያ በፊት በጉልበትና በዓይን አልቋል።

ዓሣው ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ጎኑ ላይ ያሉት ቀይ ነጠብጣቦች ዙሪያቸውን ፈዘዝ ያለ ቀለበት አላቸው። ቶሎ ወደ ዳር አመጣሁት፤ ቀጭን ክር ይዞ ዓሣን ማድከም ጭካኔ ስለሆነ የክሩን አቅም አውቆ እስከ አቅሙ መሳብ ያስፈልጋል። እጄን አስቀድሜ ውሃ ውስጥ ነከርኩ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይልጠዋል። የመንጠቆዬን የኋሊት እሾህ በጉጠት ደፍጥጬው ስለነበር ዓሣው ከውሃ ሳይወጣ በሁለት ጣት ወለቀ። ራሱን ወደ ጅረቱ አዙሬ ያዝኩት፤ ስንጥቡ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ሄደ። ከዚያም ኩሬውን ትተን ወጣን። ሌላ ዓሣ እንዳለበት እናውቃለን። ነገር ግን ባንድ ጎደሎ ኩሬ ውስጥ አንድ ዓሣ ከታገለ በኋላ የቀሩት ወደ ዋሻቸው ይገባሉ፤ እየደጋገሙ ማባረር ደግሞ የሚበሉበትን ጥቂት የሞቀ ሰዓት መንጠቅ ነው።

የያዙትን መልቀቅ ለብዙ ወገኖቼ እንግዳ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። የነቢያት ጾም ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ዋዜማ ወንዙ ሲጎድል ይውላል፤ ያኔም ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። ደንቡ በሚፈቅደው ልክ ወስዶ የሚበላን ሰው አልነቅፍም። መረብ ግን ሌላ ነገር ነው። በክረምት መረብ የዘረጋ ሰው ከሙላቱ ጋር ይታገላል፤ በጥር የዘረጋ ሰው ግን ከአንድ ኩሬ ዓሣውን ከትልቅ እስከ ትንሽ ባንድ ሌሊት ጠርጎ ሊያወጣ ይችላል። ዓሣው የሚሸሽበት ውሃ የለውም። ሞላ ባለ ጊዜ ቀላል የሚመስል ጥፋት ጎደል ባለ ጊዜ የሚከብደው ለዚህ ነው።

በጋ ላይ የምናየው ውሃ ራሱ የክረምት ሥራ ነው። ከሳነቴ አምባ ረግረግ፣ ከአስታውና ከኮሶው ደን ሥር ያለው አፈር የጠጣውን ዝናብ ወራት ሙሉ በቀስታ ይለቃል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በቀይ ቀበሮና በደጋ አጋዘን ነው። ወይብ ግን ከተራራው ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻን ሰንጥቆ፣ ቆላውን አቋርጦ በመጨረሻ ወደ ጁባ ወንዝ ይገባል፤ ብዙ ሕዝብና ብዙ ከብት ይጠጣዋል። ከብት በአንድ መውረጃ ሲበዛ ዳርቻው ይናዳል፤ ወንዙ ይሰፋል፤ የሰፋ ወንዝ ይሳሳል፤ የሳሳ ወንዝ ይሞቃል። ይህን ቀድሞ የሚያየው ቴርሞሜትር ይዞ ዳር ለዳር የሚሄድ ሰው ነው። ስለዚህ አጥማጅ ያየውን ለፓርኩ ጠባቂዎችና ለአካባቢው ሽማግሌዎች መንገር አለበት። ፈቃድ ማውጣትና ደንብ መጠየቅም የዚሁ ሥራ መጀመሪያ ነው።

ወንዙ በየዓመቱ ይጎድላል፤ ያ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። የኛ ድርሻ ጉድለቱን ዓሣው ብቻውን እንዳይሸከመው ማድረግ ነው። ክራችንን እንደምናቀጥን ሰዓታችንንም እናሳጥር፤ ፍላያችንን እንደምናሳንስ የምንነካውን ኩሬ እንቀንስ፤ ቴርሞሜትሩ ሲከፋ ዘንግ ፈትተን ዓሣውን ከዳር ሆነን ማየት እንልመድ። በጥር አንድ ዓሣ በደንብ አይቶ፣ በደንብ ተጠግቶ፣ በደንብ ይዞ በደንብ የለቀቀ ሰው ቀኑን ሞልቶታል። ሙያውንም የተማረው በዚያ ቀን ነው።